ከጋፋት እስከ ሪሞት፦ አውሮፕላን በቤጌምድር ሰማይ

ደብረ ታቦርን ከመሣሪያ ሥራ ጋር የሚያነሣ ሁሉ ከጋፋት ነው የሚጀምረው፤ እኔም ከዚያው ልነሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ ብዙም በማትርቀው በዚህች መንደር ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያ ሚስዮናውያንን አስፍረው ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር አገር አቋርጠው የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነው። ንጉሡ ግን የፈለጉት መድፍ ነበር፤ አንችልም ቢሏቸውም አልሰሙም። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ቡርጎም ታከሉበት። የመጀመሪያው ምድጃ ከሸፈ፤ እንደገና ተሠራ፤ እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መንገድ እያስጠረጉና መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። ጉዞው ወራት ፈጀ።

የእንግሊዝ ጦር ሲመጣባቸው መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም ቀዘቀዘ። ሙያው በሰዎቹ እጅ ነበርና ሰዎቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። ይህ ነገር ደብረ ታቦር ባለችበት በቤጌምድር ሌላም ጊዜ ይደገማል።

የሪሞቱ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው በሌላ አገር ነው፤ ከዓድዋ ድል 2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ ኒኮላ ቴስላ ኒው ዮርክ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ አንዲት ትንሽ ጀልባ በገንዳ ውኃ ላይ አሳየ። ገመድ የላትም፣ ሰው አልያዛትም፤ ግን እሱ ባዘዛት አቅጣጫ ትዞራለች። ዛሬ ልጆች በሪሞት የሚነዷት መኪናም ሆነች በሰማይ የሚያዞሯት ትንሽ አውሮፕላን ዘራቸው ከዚያች ጀልባ ይቆጠራል። በዚያን ጊዜ ሰው ይዞ የሚበር ባለሞተር አውሮፕላን ገና አልተሠራም፤ የራይት ወንድማማቾች የተነሡት ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው በአንድ ሰው ጉጉት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1915 ዓ.ም. ኤደን ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ያቀረበውን ትርኢት አይተው፣ ከማየትም አልፈው ተሳፍረው በረሩ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን የማስመጣት ሐሳብ አልለቀቃቸውም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ደረሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ ተከተለ።

ፖቴዝ 25 ድርብ ክንፍ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 14 ሜትር የሚሆን አውሮፕላን ነው። ክንፉ በእንጨት ተዋቅሮ ሸራ ለብሷል። ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ነው። እዚህ ላይ ደጋው የራሱን ጣጣ ያመጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ 91 ገደማ። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅበትም ምክንያት ይኸው ነው። ይህ ለራዲያተርም ችግር ነው፤ ቆላ ላይ ረጋ ብሎ የሚሠራ ሞተር ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላል። በዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም የሚሸከመው አየር ያንሰዋል፤ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ሜዳ ይበላል። ሸራው በበጋ ፀሐይ ይደርቃል፣ በክረምት ዝናብ ይረግባል። ፓይለቶቹና መካኒኮቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ።

አውሮፕላኑ አገር በገባ በ8ኛው ወር ሥራ የተሰጠው በቤጌምድር ነው።

ራስ ጉግሣ ወሌ የቤጌምድር ገዥ፣ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባል ነበሩ። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ መኳንንቱ ከባላቸው ለይተዋቸዋል። ጉግሣ ያን ቂም ይዘው ብዙ ዓመት በደብረ ታቦር ቆዩ፤ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ሥልጣኑን ሲጠቀልሉ ደግሞ ነገሩ ፈነዳ። በ1922 ዓ.ም. በጋ ጦራቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ተነሡ። የመሐል ሰፋሪውን ጦር ይዘው የመጡባቸው የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ።

ሁለቱ ሠራዊቶች ከመግጠማቸው በፊት መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ፖቴዞቹ በጉግሣ ሰፈር ላይ ዝቅ ብለው እየዞሩ ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ ጉግሣን ሽፍታ ይላል፤ ከጳጳሳት የተላለፈም ውግዘት አለበት፤ ተከታዮቻቸውም እንዲለዩዋቸው ያዝዛል። ከሠራዊቱ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበርና ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሳይዛመት አልቀረም። ውግዘት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲነበብ የሰማ ባላገር፣ ከሰማይ ሲወርድበት ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። እኔ ከቦንቡ ይልቅ ወረቀቱ ብዙ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ፤ ቦንቡ ትንሽ ነበር፣ ዒላማውም በዓይን ግምት ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም በተባለ ቦታ ጦርነቱ ተከፈተ። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬና ባልደረቦቹ ከላይ ቦንብ ጣሉ፤ ከታች መትረየስና መድፍ አገዛቸው። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ፤ ጦራቸውም ተበተነ። ከ2 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። የቤጌምድር ሰው አውሮፕላንን ያወቀው እንዲህ ነው፤ ሳይነካው፣ ሲገጣጠም ሳያየው፣ ወረቀትና እሳት ሲያዘንብ።

ከአንችም በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፓይለቶች ሆኑ። እንደ ጋፋቱ ዓይነት ነገር እንደገና የተሞከረው ግን አቃቂ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ቫልተር ሞተር፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ‹‹ፀሐይ›› የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ። የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የጣሊያን ወረራ ከተጀመረ በኋላ ነው። ወራሪው ወሰዳት፤ 88 ዓመት ያህል ጣሊያን ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች።

ፀሐይ በበረረችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ እንግሊዞች ‹‹ኩዊን ቢ›› የተባለ ሰው የማይሳፈርበት፣ ከመሬት በራዲዮ የሚነዳ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አስነሡ፤ ተኳሾቻቸው እንዲለማመዱበት ነው። ከ2 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንታ ወንድማማቾች ‹‹ጋፍ›› ያሏትን ሞዴል በራዲዮ አበረሩ። አንዱ ለጦር፣ አንዱ ለጨዋታ፤ ሁለቱም መንገዶች ገና ከጥዋቱ ጎን ለጎን ሄደዋል። በእኛ በኩል የደረሰው ቀድሞ የመጀመሪያው ነው።

አንችም ላይ በአውሮፕላን ያሸነፉት ሙሉጌታ ራስ ተብለው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ፣ ሠራዊታቸው በጣሊያን አውሮፕላን እየተደበደበ በዚያው መንገድ ወደቁ። ደብረ ታቦር በሚያዝያ ተያዘች፤ በ1933 ክረምት ነፃ ወጣች። በጥቅምት 1934 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ በአየር ውጊያ ተመትቶ የወደቀው የመጨረሻው የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን ጎንደር አጠገብ ወደቀ።

ከጦርነቱ በኋላ ሰማዩ መልኩን ቀየረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ዳኮታ የተባሉት አውሮፕላኖቹ የሣር ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችሉ፣ ለአበሻ ደጋ የተፈጠሩ የሚመስሉ ነበሩ፤ በየአውራጃው ከብት ከሜዳው እየተነዳ ያርፉ ነበር። ደብረ ታቦርም የራሷ ማረፊያ ኖሯት፣ ዲ ቢ ቲ የሚል ዓለም አቀፍ መለያ ፊደል ይዛለች። አየር መንገዱ ከሁሉ በላይ ያተረፈው መካኒክ ነው፤ መጀመሪያ በአሜሪካውያን እጅ የነበረው ጥገና በአገር ልጅ እጅ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ጋፋት ሳይደገም ቀረ። ደብረ ታቦር ግን ከዚህ ሙያ ብዙም አልደረሳትም።

በሌላው ዓለም የሞዴል አውሮፕላን ነገር በእነዚሁ ዓመታት ከልጆች ጨዋታ ወደ ከባድ ሙያ አደገ። መጀመሪያ ላይ መቀበያው የመስታወት አምፖል ያለው፣ ባትሪው ከአውሮፕላኑ እኩል የሚከብድ ነበር፤ መሪውን የሚያዞረውም የተጠመዘዘ ላስቲክ ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ሲጫኑ ወደ ግራ፤ የተሳሳተ ዛፍ ላይ ያገኘዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣት በሄደበት ልክ የሚታዘዝ ራዲዮ መጣ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የሊቲየም ባትሪ፣ ካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተርና 2.4 ጊጋኸርዝ ራዲዮ ተገናኝተው ነዳጅና ጭስ በአብዛኛው ቀረ፤ አንዱ የሌላውን ሞገድ የሚሰርቅበት ጣጣም አብሮ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ሜናርድ ሂል የተባለ አሜሪካዊ አዛውንት ዓይኑ ደክሞ በነበረበት ዕድሜ፣ ከ5 ኪሎ የማይበልጥ ሞዴል ሠርቶ በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ከካናዳ ጠረፍ አስነሣ። ከ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በኋላ ሞዴሉ አየርላንድ ላይ አረፈ፤ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ተሻግሯል። ከሱ በፊት የላካቸውን ባሕር በልቷቸዋል። ብልሃቱ ሞተሩን በማረም ላይ ነበር፤ የነዳጁን መርፌ እየነካካ፣ ጠብታ በጠብታ እንዲጠጣ አድርጎ አስተካክሎታል።

በእኛም አገር በራሱ እጅ የሚገጣጥም ሰው አልጠፋም። በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ወጣት ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ የቮልስ ሞተር ገጥሞ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ሠራ። የመጀመሪያ ሙከራው አልሆነለትም። ያም ሆኖ ወሬው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ዞረ፤ ብዙ ወጣትም ‹‹ለካ ይቻላል›› አለ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ግን ከባድ ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት በደብረ ታቦር አካባቢ ጋይንትና ፋርታ ደረሰ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭትም ድሮን የጦር መሣሪያ ሆኖ ውሏል። በ2017 ዓ.ም. አገሪቱ ስካይ ዊን የተባለ የድሮን ማምረቻ አስመረቀች። ለደጋው ገበሬ ከላይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ዛሬም እንደ አንችም ዘመን አንገት ቀና የሚያሰኝ፣ ቤት የሚያስገባ ሆኗል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ ማብረር የተከለከለ ነው፤ ቦሌ ላይ ከሻንጣ ወጥቶ የሚቀረው የትየለሌ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅዱ ማንም እንዳይሞክር እኔም እመክራለሁ።

ፈቃዱ ቢገኝስ? ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ሞዴል ማስነሣት ምን ይጠይቃል? ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ የተነሣ ይከስራል። ሞዴሏ አየር ላይ ለመቆየት ከባሕር ጠለሉ 15 በመቶ ያህል ፈጥና መሄድ አለባት፤ ለማረፍም እንዲሁ። ፕሮፔለሩ የሚቆነጥጠው አየር ስለሚያንሰው ትንሽ ሰፋ ያለ ይመረጣል። ሞተሯ በነዳጅ ከሆነ የነዳጁ መርፌ ጠበቅ ይደረጋል፤ አለዚያ ነዳጁ በዝቶ ይታፈናል። በባትሪ ከሆነ ጉልበት አይቀንስባትም፤ ግን ስስ አየር ሙቀት ስለማያነሣ ከበረራ በኋላ ሞተሩን በጣት ነክቶ ማየት ደግ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው። ክንፏን ከፊት ጠርዙ ወደኋላ ሩብ ወይም ሢሶ ያህል በሚሆነው ቦታ በሁለት ጣት ከሥር ይደግፏታል። አፍንጫዋን በጣም ጥቂት ዘንበል ካደረገች ሚዛኗ ደህና ነው። ጅራቷ ከወረደ ባትሪው ወደፊት ይገፋል፤ ጅራት ከባድ ሞዴል የምትበረው አንዴ ብቻ ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ቀጥሎ ሪሞቱ ይከፈታል። ሪሞቱ ቀድሞ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ይዘጋል፤ ይህን ያዘበራረቀ ሰው ፕሮፔለር ጣቱን ሲቆርጠው ያውቀዋል። ዱላው ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ ክንፍ ክዳን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ተገልብጦ ከሆነ ሜዳ ላይ ለማወቅ ጊዜ የለም። ምልክቱ ቢቋረጥ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋም ያኔውኑ ይስተካከላል።

ጥገናው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሙጫና ትዕግሥት ነው። ብሎን በንዝረት ይላላል፤ በስታኞ የተበየደች ሽቦ ትላቀቃለች፤ የፕሮፔለር ጫፍ ድንጋይ ነክቶት ሲሸረፍ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፤ እንዲህ ያለውን መጣል እንጂ መሞረድ አያዋጣም። ሦስት ሕዋስ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፤ ለሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ እያንዳንዱ ሕዋስ 3.8 ላይ ይተዋል። ሞልቶ ቢከርም፣ ከ3 በታች ቢወርድም ይነፋል፤ የተነፋ ባትሪ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። በጥዋት ቅዝቃዜ ባትሪው ይሰንፋል፤ በኪስ ይዞ ማሞቅ ይረዳል። ማብረር በበጋ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ረፋድ ሳይሞላ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሚበረታውን ነፋስ ቀላል ሞዴል አትችለውም። ጭላትም ሰማዩን የራሷ አድርጋ ስለምታይ አንዳንዴ ትመታለች።

ይህን ሁሉ የሚማር ልጅ ያለ መምህር ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሚዛን ይማራል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተቋሙን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙ ከባድ ነው። ተቋሙ የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ሊከፍትና ሊመራ ይችላል፤ ግን ብቻውን አይችልም። የአገር ደኅንነት ሥጋት እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ሆኖም ካሜራ የሌላት፣ ከ1 ኪሎ የማትበልጥ፣ በተመዘገበ ሜዳ ላይ በመምህር ፊት፣ ከዓይን ሳትርቅ የምትበር ሞዴል ከጦር ድሮን ጋር በአንድ ሚዛን ልትታይ አይገባም። ፈቃድ ሰጪዎቹ መሥሪያ ቤቶች ለትምህርት ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሆን የተለየ፣ አጭርና ግልጽ የፈቃድ መንገድ ያውጡ፤ ሰላም በሰፈነበት ወረዳ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይጀመር።